የኒስካ ዝይዎችና አንቀጽ አሥራ አንድ

የተጋጣሚያችን የሁለት ወንዝ ተኩላዎች መሪ ጋርኔት የበረኛችንን ካርድ የጠየቀው የበረዶ ሆኪ ውድድራችን የፍጻሜ ጨዋታ ሊጀመር ሃምሳ ደቂቃ ሲቀረው ነበር። እየጮኸ ቢመጣ ይሻለኝ ነበር። እሱ ግን ሻዩን በአንድ እጁ፣ አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት በሌላው ይዞ የኮሚቴው ክፍል ገባ፤ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ወረቀቱን ፊቴ ዘረጋው።

«ተቃውሞ ነው» አለኝ። «በጽሑፍ፣ ከጨዋታው ከግማሽ ሰዓት በላይ አስቀድሞ፣ በቡድን መሪ የተፈረመ። አንቀጽ አሥራ አራት ነው። የጎደለ ካለ ንገረኝ፤ የጻፍከው አንተ ነህ።»

አነበብኩት። የኒስካ ዝይዎች በረኛ ዳርሲ ኢቨርሰን በአንቀጽ አሥራ አንድ መሠረት የኢንዲያን ካርዱን ያሳይ ይላል። ከሥሩ የሁለት ወንዝ ተኩላዎች ማኅተም አለ። ሌላ ነገር የለውም።

«ዳርሲን አታውቀውም?» አልኩት።

«ከተወለደ ጀምሮ አውቀዋለሁ። የኮኩም ዚልዳ የልጅ ልጅ ነው። ጥርሱን ያወለቀው የኔ ልጅ ነው። ወረቀቱ ግን ታውቀዋለህ ወይ አይልም፤ ካርድ አለው ወይ ነው የሚለው።»

«እንደሌለው ታውቃለህ።»

«ዘመዴ፣ ነዳጅ ማደያው ላይ ታክስ ሲከፍል ያላየው ሰው አለ?»

በእኛ ሪዘርቭ፣ ለነባር ሕዝቦች በተከለለው መሬት፣ መንግሥት ኢንዲያን ብሎ መዝግቦ ካርድ የሰጠው ሰው ለቤንዚን ታክስ አይከፍልም። ዳርሲ ይከፍላል። ሁላችንም ከኋላው ተሰልፈን ሲከፍል እናያለን፤ አይተንም ስለ አየር ሁኔታ እናወራለን።

የክለባችን ታሪክ ረጅም አይደለም። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1969 የበረዶ ወቅት ነው። ከበረዶ በታች መረብ የሚጥሉ አሥራ አምስት ዓሣ አጥማጆች ከሥራ መልስ በሐይቁ ላይ መገፋፋት ስለወደዱ ነው የመሠረቱት። ሌላ ምክንያት አልነበረም። ከዩኒቨርሲቲ የሚመጡ ሰዎች ከዚህ ታሪክ ውስጥ ቁስል ካልቆፈሩ አይመለሱም፤ ልጆቻችሁ በግድ የገቡበት አዳሪ ትምህርት ቤት ነው፣ ከተማው ስላገለላችሁ ነው ይሉናል። ቁስልማ ሞልቷል፤ ማንም እንዲያስቆጥረን አንፈልግም። ጨዋታው ግን ጨዋታ ነበር። የመጀመሪያው የሜዳ አጥር ከዓሣ ሳጥን ጣውላ የተሠራ ነበር፤ አጥሩ ላይ የተጣለ ሰው ጀርባው ሳምንት ሙሉ ዓሣ ይሸታል። በቀጣዩ ዓመት ሦስት ሪዘርቮችን ጠሩ። አሁን በየመጋቢቱ ከሰሜኑ ሁሉ አሥራ ስድስት የነባር ሕዝብ ቡድን ይመጣል፤ ጣሪያ ያለው ሜዳም አለን።

በሁለተኛው ዓመት ከበሩ አጠገብ ጠረጴዛ ተቀመጠ። ከጠረጴዛው ኋላ ደግሞ ዚልዳ ሜራስቲ ተቀመጡ። እዚህ ትንሹም ትልቁም ኮኩም ይላቸዋል፤ አያቴ ማለት ነው። ተጫዋቹ የበረዶ ጫማውን በትከሻው አንጠልጥሎ ፊታቸው ይቆማል።

«የማን ነህ?» ይሉታል።

የእናቱን ስም ይናገራል፤ ቀጥሎም የእናቱን እናት ስም። ኮኩም ጥቂት ያስባሉ። «የአያትህን እህት አውቃታለሁ። የሰው መረብ የሚበላ ውሻ ነበራት» ይላሉ። «ግባ።»

ይኸው ነበር ምዝገባው። ሃያ ሁለት ዓመት ወረቀት አልነበረም፤ የተሳሳተም ሰው አልገባም። ከደቡብ የሚመጡት እንኳ ጠረጴዛው ዘንድ ለመቆም ሲሉ እናታቸውን ስልክ ደውለው የማያውቋቸውን አያቶች ስም ይጠይቁ ነበር።

በ1992 ከደቡብ የመጣ አንድ ቡድን የእኛ ወገን ያልሆኑ ሁለት ቅጥር ተጫዋቾች ይዞ መጣ። መኪና ውስጥ የአያት ስም ሲያጠኑ ነው የመጡት። አንደኛው የጠራው ስም ማርሰሊን የሚል ነበር። ማርሰሊን የኮኩም የልብ ጓደኛ ነበሩ። ወልደው በሦስተኛው ቀን ሞቱ፤ ሕፃኗን የመንግሥት ሰዎች ለማደጎ ወሰዷት፣ የት እንደደረሰችም አልታወቀም። ኮኩም ስሙን ሲሰሙ የጠፋችው ልጅ ልጅ መጣ ብለው ከጠረጴዛው ተነሡ። ልጁን አቅፈው አለቀሱ። እሱም ቆሞ ታቀፈ። እሑድ ዕለት አራት ጎል አግብቶ ዋንጫውን ይዞ ሄደ። ማክሰኞ እውነቱን ሰማን።

በዚያው ሳምንት አንቀጽ አሥራ አንድን ጻፍኩ። ሳስካቱን ከተማ ሄጄ ሕግ ተምሬአለሁ፤ የማይሰበር ዓረፍተ ነገር መጻፍ እችላለሁ። «በመንግሥት የተሰጠ የኢንዲያን ካርድ ያላሳየ ማንኛውም ተጫዋች በውድድሩ አይሰለፍም።» ተናድጄ ነው የጻፍኩት፤ መናደዴም ትክክል ነበር። የውድድሩ ኮሚቴ ሦስት ሰው ነው፦ እኔ ጸሐፊ፣ ጋርኔት የእንግዳ ቡድኖች ተወካይ፣ ኮኩም የመዝገብ ኃላፊ። ሦስታችንም እጃችንን አወጣን።

ካርዱን የሚሰጠው ማን ነው? ኦታዋ ያለው መንግሥት ነው። ኦታዋ ደግሞ የእኛን እናቶች የሚያውቀው በመዝገብ ነው። ኮኩም ዚልዳ በ1961 አንድ ኖርዌያዊ ዓሣ አጥማጅ አገቡ፤ በሠርጋቸው ማግስት በሕጉ መሠረት ኢንዲያን መሆናቸው ቀረ። በዚያው ዓመት አጎቴ ከከተማ ነጭ ሴት አገባ። እሱ ምንም አልሆነም፤ ሚስቱ ግን ኢንዲያን ሆነች። አንዲት የስኮትላንድ ሴት በመዝገብ የእኛ ስትሆን፣ በዚህ ሐይቅ ዳር የተወለዱት፣ መረብ የሚጠግኑት፣ የሁላችንንም እትብት የሚያውቁት ሴት እንግዳ ሆኑ። በ1985 ሕጉ ተሻሻለና ለኮኩም ካርድ መለሱላቸው። ለልጃቸውም ሰጡት፤ ነገር ግን ለልጁ የማያወርሰውን ዓይነት። ልጃቸው ካርድ ከሌላት ሴት ዳርሲን ሲወልድ ለዳርሲ ምንም አልተረፈም። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። በዩኒቨርሲቲ ስለዚህ ሕግ የጻፍኩት ሠላሳ ገጽ ከፍተኛ ውጤት አምጥቶልኛል። ከዚያ መጥቼ ያንኑ ሕግ በገዛ በራችን ላይ ዘበኛ አድርጌ አቆምኩት።

በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ አሥራ ሰባት ሰው ከጠረጴዛው መለስን።

የራሳችንን ቡድን ግን አንድም ጊዜ ካርድ ጠይቀን አናውቅም። ለማታለል አልነበረም። በረዶ ላይ ሲወድቅ ያነሣኸውን፣ በቀብር ላይ ሣጥን አብሮህ የተሸከመውን ልጅ ካርድ አምጣ አትለውም፤ አይታሰብህም። የዝይዎችን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች በዓይኔ አይቼ በየዓመቱ እፈርም ነበር። እንግዶቹን በመዝገብ፣ የራሳችንን በፊታቸው። ጋርኔት ይህን አይቶ ስድስት ዓመት ዝም ብሏል።

«ለምን ዛሬ?» አልኩት። «ዓርብ ለምን አልጠየቅህም? ቅዳሜስ?»

«ዓርብ ቢሆን መውጫ ታገኝ ነበር። አንተን አውቅሃለሁ፤ አንድ ሌሊት ከተሰጠህ ሌላ አንቀጽ ትጽፋለህ።»

«ዋንጫ በዚህ መንገድ አይወሰድም።»

ሻዩን አስቀመጠ። «ዋንጫው? ውሰደው። ቤቴ ውስጥ ማስቀመጫ የለኝም፣ ሚስቴ ካልሲ ትከትበታለች። በ98 የእህቴ ልጅ ኢርቪን እዚህ መጣ። ማሞቂያው በተበላሸ መኪና፣ በበረዶ መንገድ፣ ሰባት ሰዓት ነድቶ። ጠረጴዛው ፊት ቆሞ የእናቱንና የአያቱን ስም ተናገረ። አያቱ እኮ እናቴ ናት። ያንተ አክስት። ምን አልከው?»

ያልኩትን አስታውሳለሁ። የማላስታውስ መስዬ ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ።

«ተነሥተህ አንቀጹን አነበብክለት» አለ ጋርኔት። «ጮክ ብለህ፣ ሰው ሁሉ ፊት። ‹ለአንድ ሰው ከታጠፈ ለሁሉም ይታጠፋል› አልክ። ልጁ መኪናው ውስጥ ገብቶ ሰባት ሰዓት ተመልሶ ነዳ። ከዚያ ወዲህ የሆኪ ዱላ አልያዘም።»

«ታዲያ ምንድን ነው የምትፈልገው?»

«ለዳርሲም እንድታነብለት ነው። እንደዚያው ጮክ ብለህ።»

ያልኩትን ሁሉ አልጽፈውም፤ ፈሪ ብዬዋለሁ፣ ቂመኛ ብዬዋለሁ፣ ልጁን ለመጉዳት የአያቱን እንባ ረግጠህ ነው የምታልፈው ብዬዋለሁ። ጋርኔት ሻዩን እየጠጣ አዳመጠኝ። ስጨርስ ሰዓቱን አየ። «አርባ ሁለት ደቂቃ» አለ።

«እንሻረው» አልኩት። «አሁን፣ እዚሁ። ሦስት ነን፤ ሁለት ድምፅ ይበቃል።»

«ሰኞ እሽረዋለሁ። በሁለት እጄ። ዛሬ ግን እጄ አይወጣም።»

«ያንተ እጅ አያስፈልገኝም። ኮኩም አሉ።»

እዚህ ላይ ፈገግ አለ። «ሂድ ጠይቃቸው» አለኝ።

ኮኩም ከበሩ አጠገብ ጠረጴዛቸው ዘንድ፣ የክለቡን አረንጓዴ ጃኬት ደርበው ባኖክ ዳቦ በጃም እየበሉ ነበር። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። ዳርሲ ትልልቆቹን የእግር መከላከያዎች አስሮ አጠገባቸው ቆሟል፤ ከፊል ዳቦውን ቆርሰው በአፉ ያጎርሱታል፣ በጓንት መያዝ ስለማይችል። የሃያ ሦስት ዓመት ጎልማሳ ነው። ከማዕድን ማውጫው ሥራ ፈቃድ ጠይቆ የመጣው ለዚህ ሦስት ቀን ብሎ ነው።

ነገርኳቸው። ባጭሩ ተናገርኩ። ሁለት ድምፅ ብቻ፣ የእርስዎና የኔ፣ አንቀጹ ይሻራል፣ ዳርሲ ይጫወታል። ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ።

ኮኩም ጣታቸውን በጨርቅ ጠረጉ። ወረቀቱን ግን አልነኩትም።

«ኢርቪን የት ነው ያለው?» አሉኝ።

«እኔ እንጃ። ሁለት ወንዝ ይሆናል።»

«የሮዛሊ ልጅስ? ያ አጭሩ፣ በ95 የመጣው? የቅዱስ አንድሩ ደሴት መንትዮችስ? አንደኛው ካርድ ነበረው፣ ሌላኛው ሲመዘገብ የአባቱ ስም ተዘሎ አልነበረውም። መንትዮች ናቸው፣ ልጄ። አንዱን ግባ፣ አንዱን ተመለስ አልኩ። ሁለቱም ተመለሱ።»

«ኮኩም፣ ስለ እነሱ ሰኞ እንነጋገራለን። አሁን ግን ሰዓት…»

«አንተ ጻፍከው። ‹ተመለስ› ያለው ግን የኔ አፍ ነው። አሥራ ሰባት ጊዜ። እያንዳንዱ የእናቱን ስም ሲናገር እውነቱን እንደሆነ አውቅ ነበር። ያ የደቡብ ልጅ በማርሰሊን ስም ካታለለኝ ወዲህ ግን ተናድጄ ነበር፤ ካርዱን አሳየኝ ማለት ቀለለኝ።» ዳርሲን አላዩትም። «አሁን የራሴ ሲመጣ እጄን ላውጣ? እነዚያ እናት አልነበራቸውም?»

«ይህ ልጅ ምን አደረገ?» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። «በደሉ የእኛ ነው፤ ለምን እሱ ይከፍላል?»

«እነሱስ ምን አደረጉ?»

መልስ ሲያጥረኝ የማደርገውን አደረግኩ፤ ሕግ ውስጥ ገባሁ። የማደጎ ልማድ አለ አልኩ፤ የጎሣው ምክር ቤት ሊያፀድቅ ይችላል አልኩ፤ ተቃውሞው የተጻፈበት ቀን በቁጥር እንጂ በፊደል አይደለም፣ አንቀጽ አሥራ አራት ደግሞ በፊደል ይላል አልኩ።

«አጎቴ» አለ ዳርሲ። «እኔን የሚጠይቀኝ የለም እንዴ?»

«ምን ልጠይቅህ?»

«ምንም። ዝም ብዬ ነው።» ወደ አያቱ ዞረ። «ኮኩም፣ ቁርጡን ይንገሩኝ። ልፍታው?»

«ፍታው፣ ልጄ» አሉት። እጃቸው የጨርቁን ጫፍ እየጠቀለለ ይፈታ ነበር።

ጋርኔት ከኮሚቴው ክፍል ወጥቶ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ወደ እኔ አየ። የሕጉን ደብተር ከኪሴ አወጣሁ። አነበብኩት። ጮክ ብዬ፣ ሰው ሁሉ ፊት፣ ዓረፍተ ነገሩን ከዳር እስከ ዳር። ስጽፈው ያልታየኝ ነገር ሳነበው ታየኝ፦ «በመንግሥት የተሰጠ» ይላል። በራሴ እጅ፣ በራሳችን ሜዳ፣ በመጀመሪያው ቃል ላይ መንግሥትን አስቀምጬዋለሁ። ዳርሲ ተንበርክኮ የእግሩን ማሰሪያ እየፈታ አዳመጠኝ።

ተጠባባቂ በረኛችን ቨርኖን ነበር፤ አርባ ስድስት ዓመቱ ነው፣ የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ ይነዳል፣ ባለፉት አራት ዓመታት ተጠባባቂ የሆነው የቡድኑን ጃኬት ለማግኘት ብቻ ነው። ሲጠሩት ሁለተኛ ሳሕን የዱር አጋዘን ሾርባ እየበላ ነበር።

«ቀልድ ነው?» አለ።

«ቀልድ ብትፈልግ መስተዋት ፊት ቁም» አሉት ኮኩም። «ተነሥ፣ ልበስ።»

ስምንት ለአንድ ተሸነፍን። ተኩላዎቹ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ማፈር ጀምረው ነበር፤ በኳስ ፋንታ በዱላ የምንመታው ያ ጥቁር ጎማ በቨርኖን እግሮች መካከል ሲያልፍ እጃቸውን ለደስታ እንኳ አላነሡም። ሕዝቡ ምን እንደተፈጠረ ሰምቷል፤ ዳኛውንም፣ ጋርኔትንም፣ እኔንም እኩል ይሰድብ ነበር። ከሁሉ በላይ የሚሰማው ግን የኮኩም ድምፅ ነበር። ከአግዳሚው መሐል ተነሥተው፣ «ቨርኖን፣ የቆመ አውቶቡስ ነው፣ በሩን ዝጋ» ይላሉ። ሰው ይስቃል። እሳቸው አልሳቁም። ከአምስተኛው ጎል በኋላ ስዞር ዳርሲ ከጎናቸው አልነበረም፤ ወጥቼ ሳይ የመኪናው ቦታ ባዶ ሆኖ ነበር፣ በረዶው ላይ የጎማ መሥመር ብቻ ቀርቷል።

ከጨዋታው በኋላ ጋርኔት ዋንጫውን አልተቀበለም። ዋንጫው ጠረጴዛው ላይ ቆመ፣ እኛም በሱ ዙሪያ ተቀመጥን። «ሰኞ ብዬ ነበር» አለ። «ለምን እንጠብቃለን?» ወረቀት አወጣሁ። አንቀጽ አሥራ አንድ ተሽሯል ብዬ ጻፍኩ፤ ጋርኔት ፈረመ፣ ኮኩም ፈረሙ፣ እኔ ፈረምኩ። ሰዓቴን አይቻለሁ፤ አራት ደቂቃ አልፈጀም። አሥራ ሁለት ዓመት ያንን አራት ደቂቃ ለማግኘት ጊዜ አጥተን ነበር።

ሰው ሲያጽናናኝ ጥፋቱ የኦታዋ ነው ይለኛል። የኦታዋን ጥፋት ከማንም በላይ አውቃለሁ፣ ሠላሳ ገጽ ጽፌበታለሁ። ነገር ግን ኦታዋ ከበራችን ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጦ አያውቅም። እኛ ነን የተቀመጥነው። በደል የደረሰበት ሰው የበደሉን መሣሪያ አንሥቶ ለጥበቃ ይጠቀምበታል፤ ከዚያ ቀስ ብሎ መሣሪያው የሱ ይመስለዋል። ይህን ለክለቡ የሠላሳ አምስተኛ ዓመት መጽሔት ጻፍኩት፤ በዓል ነው፣ ይህ ገጽ ይቅር አሉኝ። እኔም መጽሔታችሁ ይቅር አልኳቸው።

ኮኩም የአሥራ ሰባቱን ስም ከነእናቶቻቸው በቃላቸው ነገሩኝ፤ ጻፍኩት። በየቤታቸው ሄደህ ትነግራቸዋለህ አሉኝ፤ ደብዳቤ አይሆንም፣ ያንተ ደብዳቤ ይበቃቸዋል። ከኢርቪን ጀምር አሉ። እኔ ግን ከዳርሲ ጀመርኩ፤ ከዝርዝሩ ውጪ ቢሆንም።

ረቡዕ ዕለት ቤቱ ደረስኩ። ከበሩ ፊት እንጨት እየፈለጠ ነበር። አንቀጹ የተሻረበትን ወረቀት ሰጠሁት። መጥረቢያውን ጉቶው ላይ ሰክቶ፣ ጓንቱን አውልቆ፣ በዝግታ አነበበው።

«ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት?» አለኝ።

«አዎ።»

«የፊተኛውንም?»

«የፊተኛውንም።»

ወረቀቱን እንደነበረው አጥፎ መለሰልኝ። «ጥሩ ይጽፋሉ፣ አጎቴ» አለ። በንግግሩ ውስጥ ቁጣ ፈለግሁ፤ ቢኖር መልስ ነበረኝ። አልነበረም። ጓንቱን አጠለቀና መጥረቢያውን አነሣ። ሂድ አላለኝም፤ ግባም አላለኝም።